አባታችን ይመላለሱባት ለነበረችው ቫን ገንዘብ ላዋጣችሁ ሁሉ፦ የምስጋና መልእክት

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለምትኖሩ የተከበራችሁ ወዳጅ ዘመዶቻችን፤

አባታችን ከዚህ ዓለም በሞት በተለዩ ጊዜ ከለቅሶው ቤት ሳትለዩ፣ ምግብ አዘጋጅታችሁ በማምጣት፣ ከሩቅ ስልክ በመደወልና በቀብራቸው ላይ በመገኘት ላጽናናችሁን ሁሉ በእናታችንና በመላው ቤተሰባችን ስም ከልብ የመነጨ ምስጋናችንን እናቀርባለን። የአርባ ቀን መታሰቢያቸውም በሰላም ተፈጽሟል። ይሁን እንጂ ይህን መልእክት እንድንጽፍ ያነሣሣን ሌላም ጉዳይ አለ። አባታችን በሕመማቸው ዘመን ይመላለሱባት የነበረችው ዊልቸር የምታስገባ ቫን የተገዛችው በእናንተ መዋጮ ስለሆነ፣ ዛሬ በማን እጅ እንዳለችና ለምን ለዚያ ወገን እንደሰጠናት ልናሳውቃችሁ ይገባል ብለን አምነናል።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት አባታችን ለረጅም ዓመታት በስኳር ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ኩላሊታቸው ሥራ በማቆሙ በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜውም አራት ሰዓት ያህል የሚወስድ የኩላሊት እጥበት ያደርጉ ነበር። በኋላ አንድ እግራቸው በቀዶ ሕክምና ሲቆረጥ፣ እሳቸውን ከዊልቸር አንሥቶ ተራ መኪና ውስጥ ማስገባት ለእሳቸውም ለእናታችንም ከአቅም በላይ ሆነ። በ1990 የወጣው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ፣ የሕዝብ ትራንስፖርት የሚሰጡ ተቋማት በመደበኛው አውቶቡስ መጠቀም ለማይችሉ ሰዎች ተመጣጣኝ አገልግሎት እንዲሰጡ ያስገድዳል። እኛም በዚህ አገልግሎት ተጠቅመናል፤ ሾፌሮቹንም እናመሰግናለን። ነገር ግን ቀደም ብሎ የሚያዝና ከሌሎች ተሳፋሪዎች ጋር የሚጋሩት ጉዞ በመሆኑ መጠበቅና መዞር አይቀርም፤ ከእጥበት ወጥቶ የደም ግፊቱ የወረደና አንገቱን ቀና ማድረግ ያቃተው ሰው ደግሞ የሚፈልገው ቤቱን ብቻ ነው።

ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥት የአረጋውያንና የአካል ጉዳተኞች የጤና መድን ለዊልቸሩ ይከፍላል፤ ዊልቸሩን ከነሰውየው ለሚያጓጉዘው መኪና ግን አይከፍልም። ወለሉ ዝቅ ተደርጎ የተሠራ አዲስ ሚኒቫን ብዙ ጊዜ ከ60 ሺህ ዶላር በላይ ይጠይቃል። ይህን ስትሰሙ በዕድሩ፣ በቤተ ክርስቲያኑና በታክሲ ሾፌሮች መካከል ገንዘብ አሰባስባችሁ ያገለገለች፣ ነገር ግን በደንብ የተያዘች ቶዮታ ሲዬና ገዛችሁልን። ለግለሰብ የሚሰጥ ስጦታ ለበጎ አድራጎት ድርጅት እንደሚሰጥ ገንዘብ ከታክስ እንደማይቀነስ እያወቃችሁ፣ ስማችሁ እንዳይጻፍ የጠየቃችሁም ነበራችሁ። በአንድ ሌሊት የታክሲ ሥራ የተገኘውን ገቢ ሙሉ በሙሉ ያስረከቡንን ሾፌሮች በተለይ አንረሳቸውም።

ቫኗን በቅርብ ላላያችኋት፣ የጎን በሯ ሲከፈት የኋላ ክፍሏ በጥቂቱ ዝቅ ይልና መወጣጫው ተዘርግቶ መሬት ይነካል። ዊልቸሩ በእርሱ ላይ ተገፍቶ ይገባል፤ ከዚያ በአራት ማሰሪያዎች ከወለሉ ጋር ይታሰራል፤ ለተቀማጩም ለብቻው የደኅንነት ቀበቶ አለው። በልጆቻቸው ክንድ ታቅፈው መግባት እጅግ ያሳፍራቸው የነበሩት አባታችን፣ ከዚያ በኋላ ወደ ሕክምና ብቻ ሳይሆን ወደ ሠርግና ወደ ክርስትና፣ ወደ ፋሲካ ቅዳሴና ጓደኞቻቸው ወደሚሰበሰቡበት ቡና ቤት መሄድ ጀመሩ። ለመኪናው ሳይሆን ለዚህ ነበር የከፈላችሁት ብንል ማጋነን አይሆንም። መንገዱንም ከሾፌሩ በተሻለ ያውቁ ስለነበር ሲነዱላቸው የነበሩት ሁሉ ትዕግሥታቸው ተፈትኗል።

የቤተ ክርስቲያናችን የመኪና ማቆሚያ አስተናባሪዎች የሠሩት ሥራም ሊነገር ይገባል። ከአካል ጉዳተኞች የማቆሚያ ቦታ አጠገብ ያለው፣ ሰያፍ መስመር የተሰመረበት ቦታ ባዶ የሚመስለው ለብዙ ሰው ነው። ለቫን በተዘጋጀው ስፍራ ግን ይህ ቦታ ብዙ ጊዜ 2.4 ሜትር ያህል የሚሰፋው መወጣጫው እንዲዘረጋና ዊልቸሩ እንዲዞርበት ነው። አንድ መኪና ለአምስት ደቂቃ እንኳ ከቆመበት ውስጥ ያለው ሰው መውጣት አይችልም። አስተናባሪዎቹ በየእሑዱ በብርድም በዝናብም ያንን ቦታ ጠብቀውልናል። ወለሏ ለመሬት ቅርብ በመሆኑ በበረዶ ወራት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ለዝገት እንዳይዳርጋት፣ ሥሯን እያጠበ መወጣጫዋንም እያሰናዳ የእጅ ዋጋ ያልተቀበለንን መካኒክ ወንድማችንንም እግዚአብሔር ይስጥልን እንላለን።

አባታችን ካረፉ በኋላ ቫኗን ሸጠን ገንዘቡን ለእናታችን እንድናውለው የመከራችሁን በቅንነት እንደሆነ እናውቃለን። እናታችን ግን «ሰው ለእሱ መውጫ የሰጠውን እኔ አልሸጥም» ብለው ወሰኑ። ወደ አዲስ አበባ እንድትላክ ሐሳብ ያቀረባችሁም ነበራችሁ፤ ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ስለከለከለች ያ መንገድ ለእኛ የተዘጋ ነበር። ስለዚህ እዚሁ ለሚገኝ የበጎ አድራጎት ድርጅት ለመስጠት ተስማማን።

ለየትኛው እንደምንሰጥ ለመወሰን የረዳን የታክስ ሕጉ ነው። ከ2005 ጀምሮ በሚሠራበት ሕግ መሠረት፣ ከ500 ዶላር በላይ የሚገመት መኪና የሰጠ ሰው ከገቢው ላይ የሚያስቀንሰው መጠን ድርጅቱ መኪናውን በሚያደርገው ነገር ይወሰናል። ድርጅቱ እንዳለ ከሸጠው በአብዛኛው በሽያጩ ዋጋ ይገደባል፤ ራሱ ለዓላማው በሚገባ ከተገለገለበት ወይም ለችግረኛ ከሰጠው ግን በገበያ ዋጋው ሊታሰብ ይችላል፤ ይህንንም ድርጅቱ ቅጽ 1098-ሲ በሚባለው ወረቀት ላይ ያረጋግጣል። እናታችን በጡረታ የሚኖሩና ስጦታና ወጪ ሳይዘረዝሩ አንድ ወጥ መጠን የሚቀነስበትን መደበኛ ተቀናሽ የሚወስዱ ስለሆኑ ከታክሱ የሚያገኙት ጥቅም አልነበረም። ሆኖም ሕጉ የምንጠይቀውን ጥያቄ ሰጠን፦ ትሸጧታላችሁ ወይስ ትሠሩባታላችሁ? በስጦታ የሚሰበሰቡ ብዙ መኪኖች በቀጥታ ወደ ጨረታ ይሄዳሉ። ይህ ነውር የለበትም፤ ገንዘቡም ለበጎ ሥራ ይውላል። ነገር ግን መወጣጫ ያላት ቫን በጨረታ ለማይፈልጋት ሰው ወድቃ መወጣጫዋ ተነቅሎ እንድትቀር አልፈለግንም። እንሠራባታለን ብሎ በጽሑፍ ያረጋገጠልን፣ አረጋውያንንና አካል ጉዳተኞችን ወደ ሕክምና ቀጠሮ የሚያመላልስ ድርጅት ሲገኝ ቫኗን ለእሱ ሰጠናት።

የቫኗ የባለቤትነት ሰነድ (ታይትል) በእናታችን ስም ስለነበር ዝውውሩ አላስቸገረም። በሜሪላንድ ታርጋው ከመኪናው ጋር ስለማይሄድ መልሰናል፤ ኢንሹራንሱንም ከዚያ በኋላ ዘግተናል። ድርጅቱ ቫኗን ከመቀበሉ በፊት መወጣጫውንና ማሰሪያዎቹን በባለሙያ አስፈትሿል። በአሁኑ ጊዜ ወደ ኩላሊት እጥበት የሚሄዱ ሰዎችንም እንደሚያመላልሱባት ነግረውናል፤ ስለዚህም የድርጅቱን ሠራተኞችና በጎ ፈቃደኛ ሾፌሮች በእናንተም ስም አመስግነናቸዋል።

ከመዋጮው ለጥገና ተቀምጦ የነበረው ቀሪ ገንዘብ ለዕድሩ ገቢ ሆኗል፤ ደረሰኙንና የርክክቡን ሰነድ ማየት የምትፈልጉ ከዕድሩ ጸሐፊ ዘንድ ታገኛላችሁ። በእጃችን ያለው በእጅ የሚገፋ አንድ ዊልቸርና ለበር ደረጃ የሚሆን ታጣፊ መወጣጫ ነው። የሚያስፈልገው ቤተሰብ ካለ በጸሐፊው በኩል ያሳውቀን፤ ቤት ድረስ እናመጣለን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
እናታችንና ልጆቻቸው
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ