«አብሮት ነው የመጣው»፦ የኮምፒውተር ክበብ የዓመት ዘገባ

የዘንድሮው የክበባችን ሥራ የተጀመረው የትኛው ኦፕሬቲንግ ሲስተም (ማሽኑንና ፕሮግራሞቹን የሚያስተዳድረው መሠረታዊ ሶፍትዌር) ይሻላል በሚል ክርክር ነው። የዓመቱን ዕቅድ ልናወጣ በተሰበሰብንበት በመጀመሪያው ቀን አንድ የ11ኛ ክፍል አባላችን ተነሥቶ «ኮምፒውተር የሚያውቅ ሰው ዊንዶውስ አይጠቀምም፤ ክበቡ በሙሉ ወደ ሊኑክስ ይዙር» አለ። ቪዲዮ የምታቀናብር የ9ኛ ክፍል ተማሪ ደግሞ ከማክ የሚሻል እንደሌለ አጥብቃ ተከራከረች። ከኋላ የተቀመጠ ልጅ «እኔ ያለኝ ስልክ ብቻ ነው፤ ይሄ ነገር እኔን አይመለከተኝም» ብሎ ዝም አለ። ሁለቱ ተከራካሪዎች ደጋፊ አገኙ፤ ድምፁም ከፍ ከፍ አለ። እኔ መምህራቸው ጥቂት ካዳመጥኩ በኋላ «ለመሆኑ ሰዎች የያዙትን ሲስተም ለምን እንደያዙ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?» አልኳቸው። የጠየቀ አልነበረም። የዓመቱ ዕቅዳችን በዚያው ወጣ።

የመጀመሪያው መጠይቃችን ሁለት ጥያቄ ብቻ ነበረው፦ በየትኛው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ትጠቀማላችሁ? ለምን? ለተማሪዎች፣ ለመምህራን፣ ለአስተዳደር ሠራተኞችና ለወላጆች በተንነው። ወረቀቶቹ ተሰብስበው ሲመጡ ብዙዎች በመጀመሪያው ጥያቄ ሥር የላፕቶፓቸውን ብራንድ ጽፈዋል፤ «ወርድ» ብለው የመለሱም ነበሩ። በሁለተኛው ጥያቄ ሥር ከሁሉም በላይ የተደጋገመው መልስ «አብሮት ነው የመጣው» የሚል ነበር። አባላቱ መጠይቁ ከሸፈ ብለው አዘኑ። እኔ ግን በዓመቱ ካገኘነው ሁሉ ትልቁ ነገር ይህ መልስ ነው ብዬ አምናለሁ። ሰው ገንዘብ ከፍሎ የሚወስደው ማሽኑን ነው፤ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ውስጡ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። ራሙን (የማሽኑን ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ) ለፕሮግራሞች ያከፋፍላል፣ ፋይሉን ዲስኩ ላይ ቦታ ይሰጠዋል፣ ከኪቦርዱና ከፕሪንተሩ ጋር ይነጋገራል፤ ሥራውን በደንብ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ መኖሩም ትዝ አይልም። ስሙን አለማወቅ የተጠቃሚው ድንቁርና አይደለም።

ስልክ ብቻ ያለው ልጅ ጉዳዩ እንደማይመለከተው ሲናገር ልቤ ተነክቶ ስለነበር በሚቀጥለው ሳምንት ስልኩን እንዲያወጣ ጠየቅኩት። ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ «ስለ ስልኩ» የሚለውን ከፈተ፤ ወደ ታች ወርዶ የከርነል ስሪት የሚል መስመር አገኘ። ከርነል ማለት የኦፕሬቲንግ ሲስተም እምብርት ነው፤ የአንድሮይድ ከርነል ደግሞ ሊኑክስ ነው። የ11ኛ ክፍሉ ተከራካሪ ሊኑክስን ሲያወድስ በነበረበት ስብሰባ ላይ ሊኑክስን በኪሱ ይዞ የተቀመጠው ይህ ልጅ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ከስብሰባ ቀርቶ አያውቅም።

«አብሮት ነው የመጣው» የሚለው መልስ ግን ከየት መጣ? አባላቱ ታሪኩን እንዲያጠኑ አደረግሁ። አይቢኤም የተባለው ኩባንያ ፒሲ የተባለውን የግል ኮምፒውተር በ1981 እ.ኤ.አ. ሲያወጣ ዶስ የተባለውን ኦፕሬቲንግ ሲስተም ያቀረበለት ኋላ ዊንዶውስን የሠራው ማይክሮሶፍት ነው፤ ነገር ግን ያንኑ ሲስተም ለሌሎች አምራቾች የመሸጥ መብቱን ለራሱ አስቀርቷል። ሌሎች ኩባንያዎች የአይቢኤምን ተመሳሳይ ማሽን መሥራት ሲጀምሩ ሲስተሙ በየማሽኑ ተጭኖ ገበያውን አጥለቀለቀው። በ1985 የመጀመሪያው ዊንዶውስ፣ በ1995 ደግሞ ዊንዶውስ 95 ተከተለ። ፕሮግራም ጸሐፊዎች ብዙ ተጠቃሚ ወዳለበት ይጽፋሉ፤ ተጠቃሚው ደግሞ ፕሮግራሙ ወዳለበት ይሄዳል። አፕል በ1984 ማኪንቶሽን ሲያወጣ የያዘው መንገድ ሌላ ነው፤ ማሽኑንና ሲስተሙን አንድ እጅ ይሠራቸዋል፣ አብረውም ይሸጣሉ። ሊኑክስ ሲጀመር ከምንም ጋር አልመጣም። በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለራሱ ፍላጎት ብሎ የጀመረው ከርነል ነው፤ ሪቻርድ ስቶልማን ነፃ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ለመሥራት በ1983 ካስጀመረው ከግኑ ፕሮጀክት መሣሪያዎች ጋር ተዳምሮ ሙሉ ሲስተም ሆነ። የሚፈልገው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ራሱ አምጥቶ መጫን ስላለበት እስከ ዛሬ በዴስክቶፕ ላይ ጥቂት ሰው ነው የሚጠቀምበት። መርጦ የሚጭን ባለሙያ ባለበት ቦታ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ በዓለም ፈጣን ተብለው በሚመዘገቡት 500 ሱፐርኮምፒውተሮች ላይ በሙሉ የሚሠራው ሊኑክስ ነው።

ሁለተኛውን መጠይቅ ያሻሻለችው የ9ኛ ክፍሏ ተማሪ ናት። «ቲቸር፣ ለምን ብለን ከምንጠይቅ፣ ነገ ሌላ ሲስተም ብትጠቀሙ ምን ይቀርባችኋል ብለን ብንጠይቅስ?» አለች። ይህች አንዲት ለውጥ መልሱን ሁሉ ቀየረችው። የሂሳብ ክፍል ኃላፊዋ የሚሠሩበት ፕሮግራም ዊንዶውስ ላይ ብቻ እንደሚሄድ፣ የብዙ ዓመት መዝገብም በውስጡ እንዳለ ጻፉልን። ቪዲዮ የሚያቀናብሩት ፋይናል ከት የሚባለው ፕሮግራም ከአፕል ማሽን ውጭ እንደሌለ ነገሩን። ሰርቨር (ለሌሎች ኮምፒውተሮች አገልግሎት የሚሰጥ ማሽን) የሚያስተዳድሩ አንድ ወላጅ ሩቅ ሆነው በጽሑፍ ትእዛዝ ብቻ ብዙ ማሽን ስለሚመሩ ከሊኑክስ መውጣት ሥራቸውን መተው እንደሚሆንባቸው አብራሩ። ጌም የሚወዱ ተማሪዎች መልስ ብዙ ስለሆነ አሳጥረዋለሁ፦ ከ2018 ወዲህ ፕሮተን የተባለው መሣሪያ ብዙ የዊንዶውስ ጌሞችን ሊኑክስ ላይ ማጫወት አስችሏል፤ ማጭበርበርን የሚከላከል ፕሮግራም ያላቸው አንዳንዶቹ ግን አሁንም እምቢ ይላሉ።

አንድ መልስ ብቻ ለብቻው ላንሣ። አንዲት እናት «ሲበላሽብኝ የሚያስተካክልልኝ ልጄ የሚያውቀው ይሄንን ነው» ብለው ጽፈዋል። ከ«አብሮት ነው የመጣው» ቀጥሎ እጅግ ክብር የሚገባው ምክንያት ይህ ይመስለኛል። ባለሙያዎች ሲስተም ሲያወዳድሩ ስለ ፍጥነትና ስለ ደህንነት ያወራሉ፤ ተጠቃሚው ግን ማሽኑ ሲቆምበት የሚጠራውን ሰው አስቦ ነው የሚኖረው።

ክበቡን ከሁሉ በላይ የለወጠው ቀን ማየት የተሳናቸው የታሪክ መምህራችን ላፕቶፓቸውን ይዘው የመጡበት ቀን ነው። በመጠይቁ ላይ «ዊንዶውስ፤ በኤንቪዲኤ ምክንያት» ብለው አስጽፈው ነበርና ምን ማለት እንደሆነ እንዲያሳዩን ለመንናቸው። ኤንቪዲኤ በስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብ ስክሪን ሪደር ነው፤ ራሳቸው ማየት የተሳናቸው ሁለት አውስትራሊያውያን ያዳበሩት፣ በነፃ የሚሰጥ ፕሮግራም ነው። መምህሩ ስክሪኑን አጠፉት። ከዚያ ማውስ ሳይነኩ በኪቦርድ ብቻ ኢሜይል ከፈቱ፣ የተላከላቸውን ፋይል አወረዱ፣ የተማሪዎች ውጤት የተሞላበትን ሠንጠረዥ ከፍተው አንድ ስሕተት አረሙ። ድምፁ በጣም ከመፍጠኑ የተነሣ አባላቱ አንድም ቃል ሊለዩ አልቻሉም፤ እሳቸው ግን እየሰሙ ከእኛ ጋር ያወራሉ። «ጣቶቼ መንገዱን ያውቁታል፤ ሲስተሙ ቢቀየር መንገዱን እንደገና ከመጀመሪያው መማር አለብኝ» አሉን።

የ11ኛ ክፍሉ ልጅ ሊኑክስም ኦርካ የሚባል ስክሪን ሪደር እንዳለው በትሕትና ነገራቸው። እንደሚያውቁት፣ በማክም ላይ ከ2005 ጀምሮ ቮይስኦቨር እንዳለ መለሱለትና ወደ ሌላ ነገር ወሰዱት፤ የክበባችንን ድረ ገጽ ከፈቱ። ድምፁ ርእሱን አነበበ፣ የመጀመሪያውን አንቀጽ አነበበ፤ የፎቶ ማኅደራችን መክፈቻ ላይ ሲደርስ ግን «በተን» (የሚጫኑት ምልክት) ብሎ ዝም አለ። ለዓይን የካሜራ ሥዕል ያለበት ነው፤ ስም ግን አልተሰጠውም። ስክሪን ሪደር የሚያነበው ፕሮግራሙ ለኦፕሬቲንግ ሲስተሙ የሚያስታውቀውን ስም ነው፤ ስም ካልተሰጠው የሚናገረው የለውም። በየትኛውም ሲስተም ላይ ቢሆን ያ በተን ለእሳቸው ዝግ በር ነበር፤ በሩን የዘጋነው ደግሞ እኛ ነን። ድረ ገጹን የሠራው ራሱ የ11ኛ ክፍሉ ልጅ ስለነበር ፊቱ ሲለወጥ አየሁት። በዚያኑ ቀን ሳይመሽ ሁሉንም በተኖችና ሥዕሎች ስም ሰጣቸው።

ወደ ቤተ ሙከራችን ልምጣ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. ላይ አብቅቷል። ማሽኖቹ በዚያ ቀን ሥራ አላቆሙም፤ ነገር ግን የደህንነት ማሻሻያ የማያገኝ ሲስተም ይዞ ኢንተርኔት ላይ መቆየት አደጋው በየወሩ እያደገ ይሄዳል። ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት የዲስክ ቦታና ቲፒኤም 2.0 የተባለ የምስጢር ቁልፍ የሚጠብቅ የደህንነት ክፍል ይፈልጋል። አባላቱ ማሽኖቹን አንድ በአንድ መረመሩ። አንዳንዶቹ ላይ ቲፒኤም ነበረ፤ ባዮስ (ማሽኑ ሲነሣ መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮግራም) ውስጥ ተዘግቶ ስለነበር ብቻ ነው የለም የተባለው፤ ከፈትነውና ወደ 11 አሳደግናቸው። ፕሮሰሰራቸው ለዊንዶውስ 11 ያረጀባቸው ሲቀሩ ነው ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ ወደሆነው ወደ ሊኑክስ ሚንት የዞርነው።

ለዚህ ሥራ ፍላሽ በቂ ነው። ሲስተሙ ፍላሹ ላይ ተዘጋጅቶ ማሽኑ ከፍላሹ እንዲነሣ ይደረጋል፤ ዲስኩ ሳይነካ ድምፁ፣ ስክሪኑና ኔትወርኩ መሥራታቸውን አይቶ ከዚያ መወሰን ይቻላል። ያም ሆኖ አንድ ጉዳት ደረሰብን። ሁለት ዲስክ ባለው ማሽን ላይ ስንጭን የተሳሳተውን ዲስክ መርጠን አንዲት ተማሪ የደከመችበትን ፕሮጀክት አጠፋን፤ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) መያዙንም አላረጋገጥንም ነበር። በክበቡ ስም ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ እዚህም እደግመዋለሁ። ከዚያ በኋላ ያወጣነው ደንብ እስከ መጨረሻው ሠርቷል፦ «ጫን» የሚለው ከመነካቱ በፊት ሁለት ሰዎች የዲስኩን ስምና መጠን ጮክ ብለው ያነባሉ፤ ሦስተኛው ባክአፑን ከፍቶ አንድ ፋይል ያሳያል።

በሁለተኛው ሴሚስተር ለሦስት ሳምንት አባላቱ ሲስተም ተለዋወጡ። ከዚህ ሁሉ በደንብ የማስታውሰው የአንድ ቀን ከሰዓትን ነው። ዊንዶውስ ላይ በትክክል ይታይ የነበረ ድረ ገጽ ወደ ሊኑክስ ማሽን ሲዛወር አርማው ጠፋ፤ በቦታው ባዶ ሳጥን ብቻ ቀረ። አባላቱ ኔትወርኩን ጠረጠሩ፣ ብሮውዘሩን ቀየሩ፣ ፋይሉን ደግመው ገለበጡ። በመጨረሻ ስልክ ብቻ ያለው ልጅ የፋይሉን ስም በጣቱ እየተከተለ ፊደል በፊደል አነበበ። ስሙ በላቲን ፊደል ሲጻፍ የመጀመሪያው ፊደል ትልቅ ነው፤ በኮዱ ውስጥ የተጻፈው ግን በትንሹ ነው። ዊንዶውስ በተለምዶ ሁለቱን እንደ አንድ ስም ይቆጥራል፤ ሊኑክስ ሁለት የተለያዩ ፋይሎች ያደርጋቸዋል። አንዲት ፊደል ተስተካከለች፤ አርማው ብቅ አለ፤ ክፍሉ በጭብጨባ ተሞላ።

ሁለት ሲስተም በአንድ ማሽን ላይ የጫኑት ደግሞ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያልፉ ሰዓቱ እየተዛነፈ ግራ ገባቸው። ዊንዶውስ ማዘርቦርዱ ላይ ያለውን ሰዓት እንደ አካባቢ ሰዓት ያነበዋል፤ ሊኑክስ ግን እንደ ዓለም አቀፍ ሰዓት ነው የሚያነበው። ልዩነቱ የሚሆነው የሰዓት ቀጠናው ያህል ነው። ሊኑክሱ ላይ በአንዲት ትእዛዝ ተስተካከለ።

ከልውውጡ በኋላ የማስተምርበትን መንገድ ቀይሬያለሁ። ለዓመታት «እዚህ ተጫኑ፣ ቀጥሎ እዚያ ተጫኑ» እያልኩ የአንድ ሲስተም ስክሪን አስተምሬአለሁ፤ ልጆቹ ሌላ ስክሪን ፊት ሲቀመጡ እንደ አዲስ ጀማሪ ሆኑ። ፋይልና ፎልደር ምን እንደሆኑ፣ ኤክስቴንሽን (ከፋይሉ ስም መጨረሻ ከነጥብ በኋላ ያለው) ምን እንደሚናገር፣ ፋይል የመክፈትና የመለወጥ ፈቃድ ለማን እንደሚሰጥ የገባቸው ግን በሁለት ቀን ተላምደው ሥራቸውን ቀጠሉ። በመጪው ዓመት የ9ኛ ክፍል ትምህርት የሚጀምረው ከዚህ ነው።

የ9ኛ ክፍሏ ተማሪ ከልውውጡ በኋላም ወደ ማኳ ተመልሳለች፤ ምክንያቷን ግን አሁን በሁለት ዓረፍተ ነገር ትናገራለች። የ11ኛ ክፍሉ ልጅ በሊኑክሱ ጸንቷል፤ ሳምንት በሳምንት ከታሪክ መምህሩ ጋር ተቀምጦ ኦርካን ይሞክራሉ፤ ስም ያልተሰጣቸውን በተኖች እየመዘገቡ ለፕሮግራሞቹ አዘጋጆች ይልካሉ። መዝገቡ ለክበቡ ተላልፏል።

ለቀጣዩ ዓመት አባላት፦ ፍላሾቹ በቤተ ሙከራው ቁም ሳጥን ላይኛው መደብ ላይ ናቸው፤ በእያንዳንዳቸው ላይ የሲስተሙ ስምና ስሪት ተለጥፏል። በመስኮቱ በኩል ያለው ማሽን ሽቦ አልባ ኔትወርኩ እስካሁን ስላልሠራልን በኬብል ነው የሚገናኘው፤ የካርዱ ሞዴል ቁጥር ከማሽኑ ጀርባ ተጽፏል፤ ከእሱ ጀምሩ።