አማካዩ ቁጥር የማን ነው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰሞኑን ስለ ክብደት መቀነሻ መርፌዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ዋጋውንም ማቅለሽለሹንም አልደበቃችሁም፤ ጥሩ ነው። ግን ከላይ እስከ ታች «ተጠቃሚዎች» ትላላችሁ እንጂ ወንዶች ይሁኑ ሴቶች አይታወቅም። የፋርማሲ ባለሙያ ነኝ፤ እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ ነገር አይመስለኝም።

የክብደት ጥናት ሰው ላይ ከመድረሱ በፊት ብዙ ጊዜ በአይጥ ይሞከራልና ከአይጥ እንጀምር። ቤተ ሙከራ ውስጥ ያለ ወንድ አይጥ ስብ የበዛበት ምግብ ሲሰጠው ቶሎ ይወፍራል። ሴቷ ያንኑ እየበላች ትዘገያለች፤ ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ይከላከልላታል። ኦቫሪዋ (እንቁላል የሚመረትበት አካሏ) ከወጣ ግን እሷም ትወፍራለች። ተመራማሪዎቹ ታዲያ ምን አደረጉ? ቶሎ የሚወፍረውን ወንዱን እየመረጡ ለዓመታት ሠሩበት። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት በገንዘባቸው የሚሠራ የእንስሳት ጥናት ጾታን ከግምት እንዲያስገባ መጠየቅ የጀመሩት ገና በ2016 እ.ኤ.አ. ነው።

ሰው ላይ ሲደረስ ነገሩ ተገለበጠ። በ2021 እ.ኤ.አ. ከመርፌዎቹ አንዱ በሆነው በሴማግሉታይድ (ዊጎቪ) ላይ በወጣው ትልቅ ጥናት ከ1,961 ተሳታፊዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ ሴቶች ነበሩ። በየቦታው የሚጠቀሰው «በ68 ሳምንት 15 በመቶ ገደማ» የክብደት መቀነስ የተገኘው ከዚያ ነው። ሴቶቹ ደግሞ ከወንዶቹ የበለጠ ቀንሰዋል። ቦርጩን ሊያጠፋ የተነሳ ወንድ ያንን ቁጥር እንዳለ ለራሱ ከጠበቀ ቅር ሊለው ይችላል። መድኃኒቱ ለልብም እንደሚጠቅም ያሳየው የ2023 ጥናት ከ17,600 በላይ ሰዎች ነበሩት፤ ከ10ሩ 7ቱ ወንዶች። ክብደቱ በሴት፣ ልቡ በወንድ ተለካ ማለት ነው!

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የወሊድ መከላከያው ነው። ሌላው መርፌ ቲርዜፓታይድ (ሞንጃሮ የሚባለው) ጨጓራ ቶሎ እንዳይራገፍ ስለሚያደርግ የሚዋጠው የወሊድ መከላከያ እንክብል በሚገባ ላይሠራ ይችላል። እንክብሉን የምትወስድ ሴት መርፌውን ስትጀምር 4 ሳምንት፣ መጠኑ በጨመረ ቁጥርም ሌላ 4 ሳምንት ኮንዶም መጨመር ወይም ወደማይዋጥ መከላከያ መቀየር እንዳለባት የመድኃኒቱ መግለጫ ይናገራል። በመርፌ የሚሰጠውና ክንድ ውስጥ የሚቀበረው የወሊድ መከላከያ ይህ ችግር የለባቸውም። ማርገዝ የምታስብ ሴት ደግሞ ሴማግሉታይድን ቢያንስ ከ2 ወር በፊት ማቆም አለባት። በጽሑፋችሁ ውስጥ ከዚህ አንዱም የለም።

በእኛው አገር በ2016 እ.ኤ.አ. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ክብደታቸው ከልክ ያለፈው ከሴቶች 8 በመቶ፣ ከወንዶች 3 በመቶ ነበሩ። ስለ መርፌው ለማወቅ ጽሑፋችሁን የምትከፍተው ብዙ ጊዜ ሴት ናት ብዬ እገምታለሁ። በሚቀጥለው ስትጽፉ ቁጥሩን ለወንድና ለሴት ለይታችሁ፣ የእርግዝናውንም ጉዳይ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ለሚስቱ መርፌውን ከዱባይ በሰው የሚያስመጣ ባልም ቢያነበው አይጠላም።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የፋርማሲ ባለሙያ፣ አዲስ አበባ