ሳይኮሎጂስቱ ይቅጠር፣ ግን መጀመሪያ ስም ዝርዝሩን በጊዜ አውጡት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። ከትልቅ ውድድር ማግስት ሬዲዮ ከከፈታችሁ ወሬው ያው ነው። ልጆቹ ሥነ ልቦናቸው ወርዷል፣ እንደ ድሮዎቹ እልህ የላቸውም፣ ገንዘብ አበላሽቷቸዋል፣ ሳይኮሎጂስት ይቀጠርላቸው። የእናንተም የስፖርት ገጽ ይህንኑ ደጋግሞ ጽፏል፣ ቅር አይበላችሁ። እኔ በክለብ ደረጃ ለዓመታት ሮጫለሁ። ስሜን የሚያውቀው የለም፣ አሁን ታዳጊዎችን ነው የማሰለጥነው። ግን አትሌት ማታ ማታ ምን እንደሚያወራ አውቃለሁ። ስለ ኬንያዎቹ እንዳይመስላችሁ። የሚያወራው ስለ ቢሮው ነው። ማን ተመረጠ፣ ማን ተሰረዘ፣ ቪዛው የት ደረሰ፣ የኔ አሰልጣኝ ይሄዳል ወይስ ይቀራል፣ እሱ ከቡድን መሪው ጋር ስለተጣላ እኔን ይበቀሉኝ ይሆን?

ነገሩ ሲጠና ቆይቷል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) እነ ቲም ውድማንና ሉ ሃርዲ በ2001 ከስፖርት ድርጅቱ ከራሱ ስለሚመጣ ጭንቀት ጻፉ። በ2005 ደግሞ ሼልደን ሃንተን፣ ዴቪድ ፍሌቸርና ባልደረባቸው ምርጥ አትሌቶችን አነጋግረው ሁለቱን አወዳደሩ። በአንድ በኩል ከውድድሩ የሚመጣውን ጭንቀት፣ በሌላ በኩል ከድርጅቱ የሚመጣውን። አትሌቶቹ አብዝተው የጠቀሱት የድርጅቱን ነው። በ2012 ራሱ ፍሌቸር ከራቸል አርኖልድ ጋር ሆኖ ቀደም ብለው የወጡ ጥናቶችን ሲለቅም 640 የተለያዩ ምንጮች ተገኙ። አመራሩ አለበት፣ የቡድኑ ልማድና ሽኩቻ አለበት፣ ጉዞና ሆቴል አለበት፣ የገንዘቡና የግል ኑሮው ጉዳይ አለበት። 640! የኔን ክለብ ቢያዩት 641ኛውን ያገኙ ነበር።

የክለቡን ስም አልጠራም። አንድ ዓመት ለአገር አቀፍ ሻምፒዮና ክፍለ ሀገር ሄደን አራት ሴቶች አንድ ክፍል ገባን። አራታችንም ለ10 ሺህ ነው የተዘጋጀነው፣ ክለቡ የሚያሰልፈው ግን ሦስት ሰው ብቻ ነው ተባለ። ማን እንደሚቀር የነገረን የለም። ማታ አንዷ ስልክ ተደወለላትና "ስምሽ የለም አሉ" ተባለች። ማን ነው ያለው? አይታወቅም። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ የሌላዋ ስም ነው የሌለው ተባለ። ከእራት በኋላ ቡድን መሪው የደረት ቁጥሮቹን በፌስታል ይዞ ብቅ አለና "ጠዋት ይነገራችኋል፣ አሁን ተኙ" ብሎን ሄደ። ተኙ! አራታችንም ጫማችንን አውጥተን አልጋችን ስር አስቀመጥን፣ አራታችንም መርፌ ቁልፍ አዘጋጀን፣ ከዚያ ጣራ ስናይ አደርን። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ፣ ሦስት ስም ተጠራ። ያልተጠራችው ልጅ ምንም አላለችም። የኔ መርፌ ቁልፍ አንዱ ተሰብሮ ነበር፣ የሷን አንስታ ሰጠችኝ።

እንዴት ሮጥን መሰላችሁ? ሦስታችንም አልሮጥንም ማለት ይቻላል። እኔ ግማሽ ላይ ስደርስ የማስበው ስለ ፔሱ አልነበረም፣ እሷ በምን ሂሳብ ቀርታ እኔ እንደገባሁ ነበር፤ ማታ በልምምድ ሰዓት ስንተያይ ደግሞ ምን እንደምላት። አሰልጣኛችን ከውድድሩ በኋላ ሰብስቦን "ወኔ የላችሁም" አለን።

ተቀናቃኝ ሲያስጨንቅሽ ቢያንስ የምትሠሪው አለሽ። ስፒድ ትጨምሪያለሽ፣ ተከትለሽ ትሮጫለሽ፣ መጨረሻው 400 ላይ ትጠብቂያለሽ። ለዚያ ነው የሰለጠንሽው። ቢሮው ሲያስጨንቅሽ ግን ስልክ ከመጠበቅ በቀር ምንም የምታደርጊው ነገር የለም። ልምምድ ደግሞ ከውድድሩ ቀን ወደ ኋላ እየተቆጠረ ነው የሚወጣው። መቼ መጫን፣ መቼ ማቅለል እንዳለብሽ የሚወሰነው በዚያ ቀን ነው። መሄድሽን ካላወቅሽ ለማጣሪያው አንዴ፣ ለዋናው አንዴ፣ ለተወራው ሁሉ ደግሞ በየሳምንቱ ነው ብቃትሽን ጫፍ ላይ የምታደርሺው። ሰውነት እንደዚያ አይሠራም።

ከኔ ክለብ ወደ ትልቁ ልምጣ። ለቶኪዮ ኦሎምፒክ የማራቶን ቡድን መምረጫ ሰበታ ላይ 35 ኪሎ ሜትር ተሮጠ። ይህ የሆነው በ2021 ነው፣ ዋናው ማራቶን ሦስት ወር ገደማ ሲቀረው። ቀነኒሳ በቀለ አካሄዱን በአደባባይ ተቃውሞ ሳይሮጥ ቀረ፣ ከቡድኑም ውጭ ሆነ። የተመረጡት ሹራ ቂጣታ፣ ሌሊሳ ዴሲሳና ሲሳይ ለማ ማራቶኑ በተሮጠበት በሳፖሮ ከተማ ሦስቱም አቋርጠው ወጡ። አዎ፣ ሙቀቱ ከባድ ነበር፣ የሌላ አገር ሯጭም ብዙ አቋርጧል። በሰበታው ምክንያት ነው ብዬ አልምልም። ግን ሦስት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ጫፍ ላይ ውጣ የተባለ ሯጭ ሲያቋርጥ "እልህ የለውም" ማለት ይከብደኛል።

በዚያው ኦሎምፒክ የአትሌቲክስ ፌዴሬሽኑና የኦሎምፒክ ኮሚቴው ውዝግብ ከአትሌቶቹ ሩጫ እኩል ዜና ነበር። ያመጣነው የሰለሞን ባረጋን ወርቅ፣ የለሜቻ ግርማን ብር፣ የለተሰንበት ግደይንና የጉዳፍ ፀጋይን ነሐስ ነው። በዓመቱ በኦሪገኑ የዓለም ሻምፒዮና 4 ወርቅ፣ 4 ብር፣ 2 ነሐስ አግኝተን ከዓለም ሁለተኛ ወጣን። ነሐስ ያመጡት ለተሰንበትና ጉዳፍ ወርቅ አጠለቁ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሥነ ልቦናቸው ተቀየረ? ለነገሩ ቶኪዮ ላይ በ5 ሺህም በ10 ሺህም ያሸነፈቻቸው የሆላንዷ ሲፋን ሀሰን ኦሪገን ላይ እንደ ቶኪዮው አልነበረችም፣ ይህም መቆጠር አለበት። ውጤት በአንድ ነገር አይመጣም። እኔን የሚያናድደኝ ሲጠፋ ብቻ ምክንያቱ የልጆቹ ጭንቅላት ውስጥ መፈለጉ ነው።

እዚህ ላይ ሁሌ የምሰማው መልስ አለ። "ታምራት ቶላስ?" ይሉኛል። እውነት ነው፣ ታምራት ለፓሪስ ኦሎምፒክ ማራቶን ተጠባባቂ ነበር። ሲሳይ ለማ ስለተጎዳ ውድድሩ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ተጠራ፣ ሄዶም በ2:06:26 የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ ወርቅ አመጣ። የኬንያው ጦር ወርዋሪ ጁሊየስ ዬጎም አለ። የ2015 የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ በ2016 ወደ ሪዮ ኦሎምፒክ ሊበር ኤርፖርት ሲደርስ ትኬት የለህም ተባለ፣ በኋላ ደርሶ ብር አገኘ። ታዲያ ችግሩ የቱ ጋ ነው?

ችግሩማ የምንቆጥረው የተሳካላቸውን ብቻ መሆኑ ነው። ትኬት ሲያሯሩጥ ጉልበቱን ጨርሶ ማጣሪያ ላይ የወደቀውን ማን ያስታውሰዋል? ደግሞ የታምራት ነገር ከሰበታው ይለያል። ተጠባባቂ መሆኑን ያውቅ ነበር፣ ቦታው የተከፈተለትም በጉዳት ነው። ጉዳት የስፖርቱ አካል ነው፣ ማንም አይቀየምበትም። ኬንያዎቹ ራሳቸው "ዬጎ ብር አምጥቷል፣ እንለፈው" አላሉም፤ መንግሥታቸው ከሪዮ በኋላ የኦሎምፒክ ኮሚቴውን በትኖታል።

አሜሪካኖቹን ተመልከቱ። ማጣሪያው ቀኑ ከብዙ ጊዜ በፊት ይታወቃል፣ ለኦሎምፒኩ የሚያበቃውን መስፈርት ያሟሉ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ይሄዳሉ፣ አለቀ። ጨካኝ ነው። ዳን ኦብራየን በ1991 የዴካትሎን (የአሥር ውድድሮች ነጥብ የሚደመርበት) የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ፣ በ1992 ማስታወቂያው በየቴሌቪዥኑ እየታየ፣ ማጣሪያው ላይ በምርኩዝ ዝላይ አንድም ከፍታ ሳያልፍ ቀረና ባርሴሎና ሳይሄድ ቀረ። ማንም ለምኖ አላስገባውም። እሱም ቢሆን የተናደደው በዱላው ነው እንጂ በቢሮ አይደለም። አትላንታ ላይ ወርቁን አመጣ። የኛ ችግር ከነሱ እንደሚለይ አውቃለሁ። ማራቶን ላይ ሦስት ቦታ አለን፣ ለቦታው የሚበቃ ደግሞ ደርዘን ሙሉ ሯጭ፣ ሁሉም የየራሱ ማናጀርና የየራሱ የውጭ ውድድር አለው። በትራኩም ቢሆን አዲስ አበባ ከፍታዋ ለፈጣን ሰዓት ስለማይመች ማጣሪያ ፍለጋ ሆላንድ ሄንግሎ ድረስ ሄደናል። ማንም ቢመርጥ ቅር የሚለው አይጠፋም። ለዚህ ነው ሕጉ ቀድሞ መጻፍ ያለበት። የቀረው ሰው ቢያንስ በምን እንደቀረ ይወቅ፣ ቀኑም ሳይመሽ ይወቅ።

ሳይኮሎጂስት አያስፈልግም አላልኩም። ያስፈልጋል። ታዳጊ ልጅ በመጀመሪያ ትልቅ ውድድሩ ስታዲየም ሲገባ እግሩ ሲከዳው አይቻለሁ፣ ለዚያ ባለሙያ ያግዛል። ጥያቄዬ ባለሙያው ተጠሪነቱ ለማን ነው የሚል ነው። አትሌቷ የነገረችው ነገር በማግስቱ ቡድን መሪው ጋ ከደረሰ አበቃ፣ ከዚያ በኋላ "ሰላም ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ከማለት ውጭ ቃል አይወጣትም። እኔ ብሆን አልናገርም ነበር። ደግሞስ ስሟ ይኑር አይኑር ለማታውቅ ልጅ ባለሙያው ምን ሊላት ነው? በረጅሙ ተንፍሺ?

ስለዚህ ለጋዜጣችሁ አንድ ልመና አለኝ። ሎስ አንጀለስ 2028 ነው፣ ሩቅ አይደለም። ለሚመለከተው ቢሮ ደውላችሁ እነዚህን ጠይቁልን። የማራቶን ቡድኑ መምረጫ በጽሑፍ የሚወጣው መቼ ነው? ስም ዝርዝሩ የሚዘጋው በየትኛው ቀን ነው፣ ከተዘጋ በኋላስ ከጉዳት ውጭ ይነካል? የተሰረዘ አትሌት አቤት የሚለው ለማን ነው፣ መልሱን የሚያገኘው በስንት ቀን ነው? የግል አሰልጣኙ ይለፍ ያገኛል ወይስ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚያየው? መልስ ከሰጧችሁ እንዳለ አትሙልን። ካልሰጧችሁም የደወላችሁበትን ቀን አትሙልን።

ከአክብሮት ጋር
የቀድሞ የክለብ ሯጭ፣ ከአዲስ አበባ