በክንዳችን ላይ ያለው ጠባሳ፦ የሥነ ሕይወትና ጤና ክበብ የ2017 የትምህርት ዘመን ዘገባ

በጥቅምት ወር ባደረግነው የመጀመሪያ ስብሰባ፣ የክበቡ 26 አባላት እጅጌያቸውን ሰብስበው በላይኛው ክንዳቸው ላይ የቢሲጂ ክትባት ጠባሳ እንዲፈልጉ ጠየቅኋቸው። 23ቱ አገኙ፤ ሦስቱ አላገኙም። ከተማሪዎቹ አንዱ ወዲያው ተነሥቶ ሦስቱ አልተከተቡም ማለት ነው ሲል ደመደመ። በሳምንቱ ግን ጠባሳ ካልተገኘባቸው አንዷ፣ እናቷ በጥንቃቄ ያስቀመጡላትን የክትባት ካርድ ይዛ መጣች፤ ቢሲጂ መከተቧም በግልጽ ተመዝግቦበታል። ክትባቱን የወሰደ ሁሉ ጠባሳ አይቀርለትም። ዓመቱን በሙሉ ደጋግመን የተመለስንበት ጥያቄ፣ ማለትም «ይህን በምን አወቅህ?» የሚለው፣ በክበባችን የተተከለው በዚያ ካርድ ምክንያት ነው።

ጠባሳውን መነሻ ያደረግሁት የዘንድሮው ርእሳችን የሽንት ፊኛ ካንሰር ምርመራና ሕክምና ስለ ነበር ነው። የሳንባ ነቀርሳን ለመከላከል ለሕፃናት የሚሰጠው ያው ክትባት፣ ገና ወደ ፊኛው ጡንቻ ያልዘለቀ ካንሰርን ለማከም በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት መድኃኒት እንደ ሆነ ስነግራቸው፣ ብዙዎቹ የተሳሳትሁ መስሏቸው ነበር። ለግራ መጋባቱ ቋንቋችንም ድርሻ አለው፤ «ነቀርሳ» የሚለው ቃል በአማርኛ ለሳንባ በሽታውም ለካንሰርም ሲያገለግል ስለ ኖረ፣ ሁለት ተማሪዎች ሁለቱን እንደ አንድ በሽታ ቆጥረው ነበር የመጡት። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት አንደኛው በባክቴሪያ የሚመጣ ተላላፊ በሽታ፣ ሁለተኛው ደግሞ የራሳችን ሕዋሳት ከሥርዓት ወጥተው የሚራቡበት ሕመም መሆኑን ለመለየት አዋልናቸው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው የሳይንስ ታሪክ ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከኅዳር ጀምሮ የክትባቱን ታሪክ ተከተልን። አልበር ካልሜት እና ካሚይ ጌረን በሰሜን ፈረንሳይ በሊል ከተማ በ1908 ሥራውን ሲጀምሩ፣ የከብት ነቀርሳ ባክቴሪያን በሐሞትና በግሊሰሪን በተዘጋጀ ድንች ላይ አበቀሉ፤ በየሦስት ሳምንቱም ወደ አዲስ ድንች ያዛውሩት ነበር። ይህንኑ ለ13 ዓመታት፣ ከተማዋ በጦርነት ተይዛ በነበረችበት ጊዜ ጭምር፣ 230 ጊዜ ደጋገሙት። ባክቴሪያው ሕያው ሆኖ ሳለ በሽታ የማስያዝ ኃይሉን አጣ፤ በ1921ም ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕፃን ተሰጠ። አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ 230 ጊዜ መደጋገምን በዓይን ለማሳየት በረጅም ወረቀት ላይ 230 መስመሮችን አሥምሮ በቤተ ሙከራው ግድግዳ ላይ ለጠፈ፤ ወረቀቱ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር ሸፈነው። ስለ ትዕግሥት እኔ ከምናገረው ያ ወረቀት የበለጠ እንዳስተማራቸው አምናለሁ።

ክትባቱ ከካንሰር ጋር እንዴት ተገናኘ የሚለው ጥያቄ ግን ያልጠበቅሁትን ያህል ጊዜ ወሰደብን። በ1929 በአሜሪካ በባልቲሞር ይሠራ የነበረው ሬይመንድ ፐርል የአስከሬን ምርመራ መዛግብትን አገላብጦ፣ በካንሰር በሞቱት ላይ የሳንባ ነቀርሳ ምልክት ከሌሎቹ ሟቾች ያነሰ መሆኑን አስተዋለ፤ አንዱ በሽታ ሌላውን ይከላከላል ወደሚል ሐሳብም አመራ። መልሱን ሳልነግራቸው በዚህ አነጻጸር ውስጥ ያለውን ጉድለት እንዲፈልጉ ጠየቅኋቸው። በሦስተኛው ሳምንት አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ አገኘችው፦ «ሌሎቹ ሟቾች» ከተባሉት ውስጥ ብዙዎቹ የሞቱት በነቀርሳ ከሆነ፣ ነቀርሳ በእነሱ ላይ በዝቶ መታየቱ ምን ያስደንቃል? በትምህርት ቤታችን ክሊኒክ ደጃፍ የተሰለፉትን ብቻ ቆጥሮ ስለ ተማሪው ሁሉ ጤና እንደ መናገር ነው ስትል አስረዳች። በማስረጃ በኩል የተሻለው እርምጃ የመጣው ከዓመታት በኋላ ነው። በ1959 ሎይድ ኦልድ እና ባልደረቦቹ ቢሲጂ የተሰጣቸው አይጦች የተተከለባቸውን ዕጢ በተሻለ ሁኔታ እንደሚቋቋሙ በቤተ ሙከራ አሳዩ። በመጨረሻም በካናዳ በኪንግስተን ከተማ ይሠራ የነበረው የሽንት አካላት ቀዶ ሐኪም አልቫሮ ሞራሌስ፣ ከባልደረቦቹ ጋር በ1976 የዘጠኝ ሕመምተኞችን ውጤት አሳተመ። ክትባቱን በቀጭን ቱቦ ወደ ፊኛው በየሳምንቱ አንድ ጊዜ ለስድስት ሳምንታት በመጨመር ካንሰሩ ይመለስበት የነበረው ፍጥነት ቀንሶ አገኙት።

«ለምን ስድስት ሳምንት?» ብለው ጠየቁኝ። ከጀርባው ረቂቅ ስሌት ያለ መስሏቸው ነበር። እውነቱ ግን ክትባቱ ስድስት ብልቃጦች በያዘ ጥቅል መምጣቱና ከእያንዳንዱ መጠን በኋላ የሚሰማው ሕመም በሳምንት ውስጥ መብረዱ ነው። ይህ የአጋጣሚ ቁጥር እስከ ዛሬ የመነሻው ሕክምና መደበኛ ቆይታ ሆኖ መቅረቱ ተማሪዎቹን ሲያስገርም፣ እኔ ደግሞ ዘጠኝ ሰው ብቻውን በቂ ማስረጃ እንዳልነበረ አጥብቄ አስታወስኋቸው። ሕመምተኞች በዕጣ ተመድበው የተነጻጸሩባቸው ጥናቶች ተከትለው ባይመጡ ኖሮ፣ በ1990 የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ባልተሰጠው ነበር። በ2000 የታተመ ሌላ ጥናትም ከመጀመሪያው ስድስት ሳምንት በኋላ ሕክምናውን እየቆራረጡ እስከ ሦስት ዓመት መቀጠል የተሻለ እንደሆነ አሳየ።

የሕክምናው አሠራር ራሱ ብዙ አወያይቶናል። ፈሳሹ ፊኛ ውስጥ ለሁለት ሰዓት ያህል ይቆያል፤ ባክቴሪያው ከፊኛው ግድግዳ ጋር ሲጣበቅ የሰውነት ተከላካይ ሕዋሳት በብዛት ይሰበሰባሉ፤ በዚያው ግርግርም የካንሰር ሕዋሳት ይጠቃሉ። ታካሚው ሽንቱ ሊያቃጥለው፣ ትኩሳትም ሊሰማው ይችላል። «ታዲያ በክንዴ ላይ ያለው ጠባሳ ከፊኛ ካንሰር ይጠብቀኛል?» የሚለውን ጥያቄ ከሁሉም አባላት ሰምቼዋለሁ ማለት ይቻላል። አይጠብቅም። በሕክምናው የሚሰጠው መጠን ለሕፃናት ከሚሰጠው እጅግ የሚበልጥ ሲሆን፣ ሥራውን የሚሠራውም ዕጢው ባለበት ቦታ ላይ ነው።

የምርመራው ክፍል በየካቲት ተጀመረ፤ እኔም በዓመቱ ካከናወንናቸው ሁሉ ይህንን አስበልጣለሁ። በ1877 በጀርመን በድሬስደን ማክሲሚልያን ኒትዘ፣ በጋለ የፕላቲኒየም ሽቦ የሚበራና በሚፈስ ውኃ የሚቀዘቅዝ የፊኛ መመልከቻ መሣሪያ አቀረበ፤ የኤሌክትሪክ አምፖል ከመጣ በኋላ መሣሪያው ቀለለ። ተማሪዎቹ የዚህን አምሳያ ከቢጫ የአምስት ሊትር የዘይት ጀሪካን ሠሩ። ሥሩን ቆርጠው ውስጡን በቢጫ ማድመቂያ እስክሪብቶ በትናንሽ ነጥቦች ምልክት አደረጉበት፤ ከዚያ በፕላስተር ዘግተው በአፉ በኩል በባትሪና በትንሽ መስተዋት ብቻ ነጥቦቹን እንዲቆጥሩ ለሦስት ቡድን ተከፈሉ።

በመጀመሪያው ሙከራ ከባድ ስሕተት ሠርቻለሁ፤ ነጥቦቹ 20 መሆናቸውን አስቀድሜ ነገርኋቸው። ሦስቱም ቡድኖች 19፣ 20 እና 20 ብለው ዘገቡ። ይህን ያህል ጥሩ ውጤት መገኘቱ አጠራጥሮኝ ሥዕላቸውን ስመለከት፣ ሁለቱ ቡድኖች አንዱን ነጥብ ሁለት ጊዜ ቆጥረው ቁጥሩን አሟልተውታል። ሆን ብለው አላታለሉም፤ የሚጠበቀውን ቁጥር ስላወቁ ዓይናቸው እስኪሞላ ድረስ ፈለገ። በሁለተኛው ሙከራ ነጥቦቹን የሠራች አንዲት ተማሪ ቁጥሩን በፖስታ አሽጋ ለእኔ እንኳ ሳትነግረኝ አስቀመጠችው። በዚህ ጊዜ በተራ ብርሃን የተገኙት 9፣ 11 እና 10 ነጥቦች ነበሩ፤ ፖስታው ሲከፈት እውነተኛው ቁጥር 17 ሆነ።

ከዚያ ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ካለ ሱቅ የብር ኖት መፈተሻ መብራት ተውሰን፣ ነጥቦቹ እንደገና ከተለወጡ በኋላ በዚያ ብርሃን አየናቸው። ቢጫ በቢጫ ላይ ተደብቆ የነበረው ሁሉ ፈካ። በሆስፒታል ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ዘዴ አለ። ሄክሳሚኖሌቩሊኔት የተባለ ፈሳሽ ወደ ፊኛ ከገባ በኋላ በካንሰር ሕዋሳት ውስጥ ብርሃን የሚሰጥ ንጥረ ነገር ይከማቻል፤ በሰማያዊ ብርሃን ሲታይም ዕጢው ቀይ ሆኖ ይፈካል፤ በተራ ብርሃን ሊያመልጡ የሚችሉ ጠፍጣፋ ዕጢዎችም በዚህ ይገኛሉ። ይሁንና አንደኛው ቡድን ከተሠሩት ነጥቦች አራት የበለጡ አገኘ። ምክንያቱን ስንመረምር ጀሪካኑ የታጠበበት የልብስ ሳሙና ቅሪት በዚያው ብርሃን እንደሚፈካ ደረስንበት። በሰው ፊኛም እንዲሁ ነው፤ የተቆጣ ሥጋ፣ በተለይም በቅርቡ ቢሲጂ የወሰደ ፊኛ፣ ካንሰር ሳይኖርበት ሊፈካ ይችላል። ስለዚህ የፈካው ሁሉ ናሙና ተወስዶለት በአጉሊ መነጽር መታየት አለበት። ይህንን በመጽሐፍ ቢያነቡት ኖሮ በሳምንቱ ይረሱት ነበር ብዬ አስባለሁ።

በመጋቢት አንድ የሽንት አካላት ቀዶ ሐኪም ጥሪያችንን አክብረው መጥተው ነበር። ከሁሉ አስቀድመው የተናገሩት ስለ መድኃኒትም ስለ መሣሪያም አልነበረም። ሕመም የሌለው ደም በሽንት ውስጥ ታይቶ በራሱ ሲጠፋ ሰው ዳንሁ ብሎ እንደሚተወው፣ ከወራት በኋላ ሲመለስ ግን ዕጢው ወደ ጡንቻ ዘልቆ ሊሆን እንደሚችል አስረዱ። ሴቶች ደግሞ ደሙ በተደጋጋሚ እንደ ኢንፌክሽን ስለሚታከም ዘግይተው ወደ ትክክለኛው ምርመራ እንደሚደርሱ አክለው ገለጹ። ስለ ሽንት መናገር በቤታችን እንደ ነውር የሚቆጠር በመሆኑ፣ የእሳቸው ያለ ኀፍረት መናገር ራሱ ትምህርት ነበር። በወላጆች ቀን ባቀረብነው ትርኢት ላይ ርእሱ ለልጆች አይገባም ያሉ ወላጆች ነበሩ፤ አሳባቸውን አዳምጠን ሰሌዳውን ሳናነሣ አቆየነው። ከሰዓት በኋላ ከሠራተኞቻችን አንድ አባት ወደ አንዱ ተማሪ ቀርበው ደም አይተው እንደ ነበር ነገሩት። ተማሪው እንደ ተማከርነው ምንም ሳይገምት ወደ ሐኪም እንዲሄዱ ብቻ ለመናቸው። ሄዱ፤ የኩላሊት ጠጠር ሆኖ ተገኘ፤ ሕክምናም አግኝተዋል። ከእሳቸው ፈቃድ ጠይቄ ይህን የምጽፈው፣ ደም ሁሉ ካንሰር አለመሆኑንም ቢሆን የሚያውቀው የተመረመረ ሰው ብቻ ስለሆነ ነው።

መንስኤዎቹን በሚያዝያና በግንቦት አጠናን። በ1895 በፍራንክፈርት ሉድቪግ ሬን የተባለ ቀዶ ሐኪም በቀለም ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ የፊኛ ዕጢ እንደሚታይ ዘገበ፤ ይህ ሰው በማግሥቱ ዓመት የተወጋ ልብን በተሳካ ሁኔታ የሰፋው ያው ሬን ነው። ሁፐር በ1938 ከቀለም ፋብሪካ ኬሚካሎች አንዱ በውሾች ላይ የፊኛ ዕጢ እንደሚያስከትል አሳየ። የእነዚህ ኬሚካሎች ዘመዶች በሲጋራ ጭስ ውስጥም አሉ፤ ኩላሊት ከደም አጣርቶ ወደ ሽንት ይልካቸዋል፤ ሽንቱም በፊኛ ውስጥ ለሰዓታት ይቆያል። ከሚያጨስ ሰው ሳንባ ይልቅ ፊኛው የሚታሰበው ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ከፊኛ ካንሰር ግማሽ ያህሉ ከማጨስ ጋር የተያያዘ ነው።

ሌላው መንስኤ ለአገራችን ቅርብ ነው። ቴዎዶር ቢልሃርዝ በ1851 በካይሮ ያገኘው ትል እንቁላሉን በፊኛ ግድግዳ ውስጥ ይጥላል፤ ለዓመታት የሚቆየው ቁስለትም ወደ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል። ፈርጉሰን በ1911 በዚያው በካይሮ ይህንን ግንኙነት አመለከተ፤ ዓለም አቀፍ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም በ1994 ትሉን ካንሰር አምጪ ሲል መደበው። በግብፅ ቢልሃርዝያ እየቀነሰ ሲሄድ ከትሉ ጋር የሚያያዘው የካንሰር ዓይነት ድርሻም ቀንሷል። በእኛ አገር በአብዛኛው የሚታወቀው ቢልሃርዝያ የአንጀቱ ነው፤ የሽንቱ ዓይነት በአዋሽና በዋቢ ሸበሌ ሸለቆዎች እንዲሁም በኩርሙክ አካባቢ ይገኛል። ሁለቱም የሚተላለፉት በውኃ ቀንድ አውጣዎች አማካይነት ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸውን ያነበበች አንዲት ተማሪ፣ ከአያቷ ደርቆ የተቀመጠ እንዶድ ይዛ መጥታ በክፍል ውስጥ አረፋውን አሳየችን። እኚህ ሳይንቲስት ያዩትን ሌሎች ብዙዎች ሳያዩት አልቀሩም፤ እሳቸው ግን ቆም ብለው ምክንያቱን ጠየቁ፤ በቤተ ሙከራም ደጋግመው ፈተኑት።

በሰኔ የክበቡ አባላት ጀሪካኑን በንጹሕ ውኃ ብቻ አጥበው አደረቁት። የ12ኛ ክፍሏ ተማሪ ከመሰናበቷ በፊት ውስጡን በአዲስ ነጥቦች ሞልታ ሥሩን በፕላስተር ዘግታዋለች፤ ቁጥሩንም ጽፋ በታሸገ ፖስታ አስቀምጣለች። ሁለቱም በቤተ ሙከራው ቁም ሣጥን ሁለተኛ መደርደሪያ ላይ ይገኛሉ፤ ፖስታው ከሚቀጥለው ዓመት ቆጠራ በፊት አይከፈትም።