ክፉው ሰውዬ ምኑ ይወደዳል?

ደሴ

እህት ዓለሜ፣

እንዴት ከረምሽ? እናትሽስ ደህና ናቸው? የጠፋነው ሁለታችንም ነንና ወቀሳውን ስንገናኝ እንካፈላለን። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። የጦሳ ተራራ ጉሙን ተከናንቦ ደሴን በብርድ ያንዘፈዝፋታል። ከመሸ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቶ ከማንበብ ሌላ ሥራ የለም።

የማነበውን ብነግርሽ ትስቂያለሽ። እነዚያን ዳርክ ሮማንስ የሚሏቸውን የፍቅር ልቦለዶች ነው። ሰውዬው ወይ ማፍያ ነው ወይ ነፍሰ ገዳይ። ቅናቱ ልክ የለውም፤ ለሚወዳት ሴት ሲል አገር ያነዳል። ወላሂ፣ አንዴ ከጀመርሽው ሳይነጋ አይለቅሽም።

እኔና አንቺ እኮ በወጋየሁ ንጋቱ ትረካ የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ን በዛብህ ስንወድ ያደግን ነን። ገር፣ የተማረ፣ ዓይን አፋር። ታዲያ ይሄን አውሬ ምን አስወደደኝ? ክፉ ባል አምሮኝ አይደለም፣ አብሽሪ። አውሬው የልቡን ስለሚነግረኝ ይመስለኛል። ብዙዎቹ አንዱን ምዕራፍ በሷ፣ ቀጣዩን በሱ አንደበት ይተርካሉ። የሰፈራችን ወንድ አኩርፎ ሲቀመጥ ምን እያሰበ እንደሆነ ማን ነግሮን ያውቃል? መጨረሻው እንደሚያምርም አስቀድመሽ ታውቂያለሽ። ሲበዛብሽ ደግሞ ስልኩን ዘግተሽ ትተኛለሽ። እኛስ ብንሆን ሽፍታን በቀረርቶ ስናሞግስ የኖርን አይደለን?

ባለፈው ቡና ላይ ጎረቤታችን እትዬ «ምን እያነበብሽ ነው እንዲህ የፈዘዝሽው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ጠልፎ እንደወሰዳት፣ ኋላ እሷም እንደወደደችው። ሲኒያቸውን ሳይጨርሱ ረከቦቱ ላይ መለሱት። እሳቸው በልጅነታቸው ውሃ ሊቀዱ ወርደው የተጠለፉ ሴት ናቸው። «ታዲያ ይሄ ምኑ ይነበባል?» አሉ። የምመልሰው አጣሁ። ትንሽ ቆይተው ግን «አባቷስ አልፈለጓትም?» ብለው ጠየቁኝ።

በሳቸው ጊዜ የነበረው የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ካገባት ክሱን ያስቀር ነበር። ጋብቻው ከቅጣት አያድንም የተባለው በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ነው። አሁን ለማግባት ብሎ በኃይል የጠለፈ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። ሌላ አገር ያለችው አንባቢ ጠለፋን እንደ ተረት ታነበው ይሆናል። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ እዚያ ምዕራፍ ስደርስ ዘልዬው አልፋለሁ።

የሚያናድደኝ የሰውዬው ክፋት አይደለም። ደራሲዎቹ በልጅነቱ ተገርፎ ነው፣ እናቱ ጥላው ሄዳ ነው እያሉ እኛን ማባበላቸው ነው። ኤምሊ ብሮንቴ እ.ኤ.አ. በ1847 ያሳተመችው ልቦለድ ላይ ያለው ሂትክሊፍም በልጅነቱ የተበደለ ነው። ደራሲዋ ግን አላባበለችንም። የወደደችው ኢዛቤላ አብራው ልትኮበልል ስትወጣ ትንሿን ውሻዋን ሰቀለባት። ያንን አይታ ተከተለችው። ኋላ ደግሞ እንደ ልቦለድ ጀግና ቆጠረችኝ ብሎ ተሳለቀባት! እንዲህ ያለውን ነው የምወደው። ክፉ ከሆነ ክፉ ይሁን፤ ዋጋውን ይክፈል፤ እኔን ይቅር በይኝ አይበለኝ።

አንቺ ጋ እንዲህ ያለ ካለ ቶሎ ላኪልኝ። ማፍያ ሰልችቶኛል፣ ሽፍታ ቢሆን ደስ ይለኛል። ጠለፋ ከሌለበት ለእትዬም በቡና ሰዓት አነብላቸዋለሁ።

እህትሽ