ይድረስ ለሰናይት

ውድ ጓደኛዬ፣ እንደምን ከርመሻል? የእናታችን ጉልበትስ ተሻላቸው?

ከአባትሽ ከአባባ አርባ ወዲህ 2 ዓመት ሙሉ አንድ ቃል አልላክሁልሽም። በሥራ አላሳብብም፤ አፍሬ ነው። ደብረ ዘይት የእንስሳት ሕክምና ስንማር ሐሳባችን ላምና በቅሎ ነበር። እኔ ግን እዚህ ካሊፎርኒያ የውሾች የኩላሊት እጥበት ክፍል ገባሁ። አባባ ለእጥበት ገንዘብ ሲዋጣላቸው፣ እኔ ለውሻ ማሽን አዘጋጅ ነበር። በምን አፌ ልንገርሽ?

ዛሬ ያስጻፈኝ ባለፈው ወር ያጠፋሁት ጥፋት ነው። ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባለው የባክቴሪያ በሽታ ኩላሊቱን ጎድቶት ሽንቱ የቆመ አንድ ቡናማ ውሻ ተኝቶልን ነበር። ይህ በሽታ የጎዳው ኩላሊት ብዙ ጊዜ ያገግማል፤ እጥበቱ እስከዚያ ማቆያ ነው። ካቴተሩ፣ የእጥበቱ ቱቦ፣ በአንገቱ ደም ሥር ገብቶ ጫፉ ልብ ድረስ ይወርዳል። በአንዱ መስመር ደሙ ወደ ማሽኑ ይወጣል፣ በሌላው ታጥቦ ይመለሳል። ጥቂት ሳንቲሜትር ከተሳበ ፍሰቱ ይደክማል፣ ማሽኑም ይጮኻል።

አባባ ያ ቱቦ አንገታቸው ላይ ሳለ በጀርባቸው ተኝተው ያነጉ እንደነበር ነግረሽኛል። ለውሻ ይህን ማን ይነግረዋል? በኋላ እግሩ ያካል፣ ግድግዳ ላይ ይታከካል፣ ራሱን ያራግፋል። ስለዚህ ክሩን ቆዳው ላይ ቋጥረን ሁለቱን ጫፎች በቱቦው ዙሪያ እንደ ሹሩባ እያመሳቀልን እንወጣለን፤ በተሳበ ቁጥር ይበልጥ ጨብጦ ይይዘዋል። (የእኔን ቋጠሮ አይተሽ የሳቅሽው ሳቅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።) በላዩ ፋሻ እንጠመጥማለን፤ ጣት ካላስገባ ግን ያንቀዋል። የአንገት ማሰሪያ ክልክል ነው፤ ገመዱ ከደረቱ ማሰሪያ ጋር ይያያዛል። በዚያ ቱቦ ለሌላ ሕክምና መድኃኒት አንሰጥም። ከእጥበት እስከ እጥበት ደም እንዳይረጋበት ሄፓሪን የሚባል መድኃኒት ተሞልቶ ይዘጋል፤ ቀጣዩ እጥበት ሲጀመር ሄፓሪኑ መጀመሪያ ተስቦ ይወጣል።

ያን ሌሊት ተረኛዋ እኔ ነበርኩ። ውሃ ሲጠጣ ፋሻው መርጠቡን አየሁ፤ «ሲነጋ እቀይረዋለሁ» ብዬ አለፍኩ። ሲነጋ ፋሻው ተንሸራቷል፣ አንዱ ስፌት ቆዳውን ቀዶ ወጥቷል፣ ቱቦውም ተስቧል። መልሰሽ እንዳትገፊው፣ ውጭ የቆየው ክፍል ጀርም ይዞ ይገባል። ሐኪሟ በቀጭን ሽቦ መሪነት በአዲስ ቀየረችው። አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ውሻው ከጥቂት ቀን በኋላ መሽናት ጀመረ። ያን ቀን ክፍሉ ውስጥ ለሽንት እልል ያልን እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም።

አሁን በፈረቃዬ ፋሻውን በእጄ ሳልዳብስ አላልፍም። በዳበስኩ ቁጥር አባባ ትዝ ይሉኛል። ያኔ ሳልጠይቅሽ የቀረሁት አለ፦ ሌሊቱን ሙሉ ትራሳቸውን የምታስተካክዪላቸው አንቺ ነበርሽ? መቼስ ትተኚ ነበር?

ጻፊልኝ።

ያንቺው ሂሩት