ለሳሚ፣ ትራክ ከመግባትህ በፊት

ሳሚዬ፣ እንደምን ከርመሃል? ልጆቹስ? እናትህስ ጉልበታቸው ተሻላቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አቤት ስንጠፋፋ! እኔ የሌሊት ሥራ ገባሁ፣ አንተ ጓዝህን ጠቅልለህ ዴንቨር ሄድክ፣ በዚያው ዝም ተባባልን። በጣም ናፍቀኸኛል።

እህትህን ቤተ ክርስቲያን አግኝቻት አር 6 የሚባለውን የያማሃ ሞተር ሳይክል መግዛትህን ነገረችኝ። በሚቀጥለው ወር ሃይ ፕሌንስ የውድድር ትራክ ላይ ልትነዳ መመዝገብህንም ጭምር። ደስታዬን አልችለውም! ወዲያው ደግሞ ስጋት ገባኝ። ጎማህ ውስጥ ስንት ንፋስ ይዘህ ነው የምትገባው? ይህ በስልክ ተወርቶ የሚረሳ ነገር ስላልሆነ ልጽፍልህ ተነሳሁ።

የያማሃ መመሪያ የጎማው ግፊት ፊት 36፣ ኋላ 42 ፒኤስአይ ይሁን ይላል። እሱ ለመንገድ ነው። ትራክ ላይ በኃይል ፍሬን ትይዛለህ፣ በኃይል ነዳጅ ትሰጣለህ። ጎማው ይተጣጠፋል፣ ሲተጣጠፍ ይግላል፣ ውስጡ ያለው አየርም አብሮ ይግላል። በየ10 ዲግሪ ፋራናይቱ ግፊቱ 1 ፒኤስአይ ገደማ ይጨምራል። በ36 ከገባህ ብዙም ሳትቆይ 40 ትደርሳለህ። ያኔ ጎማው እንደ ኳስ ይወጠራል፤ አስፋልቱን የሚነካው ክፍል ይጠባል፣ ኩርባ ላይ መንሸራተት ይጀምራል። ከልክ በላይ ብታጎድለውም ሌላ ጣጣ ነው። ጎማው ይልፈሰፈሳል፣ ይግላል፣ ላስቲኩ ይላላጣል፣ ሞተሩም ኩርባ ልትገባ ስትል እሺ አይልህም።

ለመንገድ የተሠራ ስፖርት ጎማ ከሆነ ብዙ ሰው ጠዋት፣ ጎማው ቀዝቃዛ እያለ፣ ፊት 31 ኋላ 30 አካባቢ ይጀምራል። እኔም ከዚያ ነው የምነሳው። ፋብሪካው ለትራክ ብሎ ያወጣው ቁጥር ካለ ግን የእኔን ተወውና የእሱን ያዝ። የውድድር ጎማ ከገዛህማ የግድ ነው፤ የኋላው ከዚህ በጣም ሊወርድ ይችላል።

ከሁሉ በላይ አደራ የምልህ ከትራክ እንደወጣህ የምትለካውን ነው። ባለፈው ሐምሌ ዌስት ቨርጂኒያ፣ ሰሚት ፖይንት ነበርኩ። ጠዋት ቀዝቀዝ ብሎ ነበር። ፊት በ31 ገባሁ፣ ስወጣ 34 ሆነ። ከምሳ በኋላ ፀሐዩ አስፋልቱን አጋለው። ስወጣ ሄልሜቴን ሳላወልቅ ጎንበስ ብዬ ለካሁ፦ 37! የቫልቮላውን እምብርት በጥፍሬ ጫን አደረግኩ፣ ፍስስ አለ፣ ለካሁ፣ እንደገና ጫን። 34 ላይ ተውኩት። በሚቀጥለው ተራ ወደ ረጅሙ ቀጥታ የሚያወጣውን 10ኛውን ኩርባ ስይዝ ልዩነቱ እጄ ላይ ይታወቀኝ ነበር። የፊት ጎማው መሬቱን ጨብጦ ይሄዳል።

ስለዚህ ቆመህ ውሃ ሳትጠጣ፣ ከሰው ሳታወራ ለካ። ጎማ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ቁጥሩም ያታልልሃል። የማደያውን ጌጅ (የግፊት መለኪያ) አትመን፤ የራስህን ግዛና ሁልጊዜ በእሱ ብቻ ለካ። ሰዓቱን፣ የአየሩን ሙቀት፣ ስትገባና ስትወጣ የነበረውን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፍ።

ዴንቨር ደግሞ ከፍታው አለ፤ 1,600 ሜትር። ጌጅ የሚያሳይህ የጎማው ግፊት ከውጭው አየር በስንት እንደሚበልጥ ነው፤ ከፍታ ላይ ደግሞ የውጭው አየር ግፊት ያንሳል። እኔ እዚህ ዝቅ ያለው ቦታ በ31 የሞላሁትን ጎማ እዚያ ባመጣው 33 ገደማ ያነባል። አንተም ጠዋት እዚያው ትራኩ ላይ፣ ጥላ ውስጥ፣ ሳትነዳ በፊት አስተካክል። ኮሎራዶ ጠዋቱ ብርድ፣ ከሰዓቱ ሐሩር ስለሆነ ቀኑን ሙሉ መከታተል አለብህ።

የ2025ን የታይላንድ ሞቶጂፒ የሞተር ውድድር አይተኸዋል? ማርክ ማርኬዝ እየመራ ሳለ ወንድሙን አሌክስን አሳለፈው። የፊት ጎማው ግፊት ከሚፈቀደው 1.8 ባር (26 ፒኤስአይ ገደማ) እንዳይወርድበት ነው። ከሌላ ሞተር ኋላ ስትነዳ የሚመጣብህ አየር ይሞቃል፣ የፊት ጎማህ ይግላል፣ ግፊቱ ይጨምራል። ቁጥሩ ሲስተካከልለት መልሶ ቀደመውና አሸነፈ። ሰው እግር ስር ተለጥፈህ የነዳኸውንና ብቻህን የነዳኸውን ቁጥር አታወዳድር ማለቴ ነው።

የቫልቮላ ክዳንህ ብረትና ውስጡ ጎማ ያለው ይሁን። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች ለማሟሟቂያ በቀስታ ሂድ። ሞተሩን እየነዳህ የምትመለስ ከሆነ አውራ ጎዳና ሳትወጣ 36 እና 42 አድርገህ ሙላ። አደራ!

የትኛውን ጎማ እንዳስገባህ ንገረኝ፣ ፋብሪካው ምን እንደሚል አብረን እናያለን። ቅዳሜ ማታ ሥራ የለኝም፣ ደውል። ትራኩ ያለቀ ቀንም የጻፍካቸውን ቁጥሮች ፎቶ አንስተህ ላክልኝ።

ወንድምህ